የደም ኦክስጅን መለኪያ ሰርኪት ለደጋ አገር

ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካለው ደነባ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ቶሎ ማወቅ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ የሕፃኑ ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደተሸከመ ነው። በዓይን ብቻ ይህን መናገር ይከብዳል። የከንፈርና የምላስ መጥቆር ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው፤ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ለመለየት ይበልጥ ያስቸግራል። ጣት ላይ የሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር የሚፈለገው ለዚህ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ ሲያወጣ የሕክምና ኦክስጅንንና ፐልስ ኦክሲሜትርን በአንድ ሰነድ ያጣመራቸው ሁለቱ ስለማይነጣጠሉ ነው። ኦክስጅኑ ለማን እንደሚያስፈልግ ካልታወቀ ሲሊንደሩ ብቻውን ሰው አያድንም።

ይህ መመሪያ የዚያን መሣሪያ ውስጥ በእጃችሁ ሠርታችሁ እንድታውቁት የተጻፈ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ወይም የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ ብትሆኑ፣ የሆስፒታል ዕቃ የምትጠግኑ ቴክኒሻን ብትሆኑ፣ ወይም ፊዚክስ የምታስተምሩ መምህር ብትሆኑ ሰርኪቱ ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ የምትሠሩት የመማሪያና የምርምር መሣሪያ ነው። ታማሚ ኦክስጅን ያስፈልገው እንደሆነ በእርሱ አይወሰንም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ፤ የጽሑፉ ዋና ነጥብም እርሱ ነው።

መጀመሪያ ጣቱን እወቁ

ብዙ ጀማሪ ሰርኪት የሚጀምረው ከቺፑ ነው። እናንተ ከሰውየውና ከቦታው ጀምሩ። ባዶ ወረቀት አውጡና መሣሪያው የሚገጥመውን ነገር በሙሉ ጻፉ። ደነባ ደጋ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ጠዋት ሆስፒታል የሚደርስ ሰው እጁ በረዶ ሆኖ ነው የሚመጣው። እጅ ሲቀዘቅዝ የጣት ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ መሣሪያው የሚፈልገው ትርታም ይደክማል። የገበሬው ጣት በሥራ ብዛት ቆዳው ወፍሯል፤ የአራስ ልጅ ጣት ደግሞ ብርሃን ያለችግር የሚያልፍበት ስስ ነው። እንሶስላ ወይም ሂና የሞቀች ሴት ትመጣለች፤ የጥፍር ቀለም የተቀባችም እንዲሁ። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። በዚያው በሰሜን ሸዋ ጣርማ በርን አልፈው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ሙቀቱ የተለየ ነው፤ ያው መሣሪያ እዚያም መሥራት አለበት።

ከዚህ ዝርዝር የሰርኪታችሁ መስፈርት ይወጣል፦ በባትሪ መሥራት፣ ከሚያልፈው ብርሃን ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ ትርታ መለየት፣ ለወፍራምም ለስስም ጣት የሚስተካከል ትብነት መያዝ፣ ምልክቱ ሲደክም ደግሞ ቁጥር ከመፈልሰፍ ይልቅ “አልታየኝም” ማለት። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢንና ያልተሸከመ ሄሞግሎቢን ብርሃንን እኩል አይውጡም። 660 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ቀይ ብርሃን ኦክስጅን የሌለው ይበልጥ ይውጣል፤ 940 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ኢንፍራሬድ ደግሞ ኦክስጅን ያለው ይበልጣል። ሁለቱን ብርሃኖች በየተራ በጣት ውስጥ አሳልፎ በወዲያኛው በኩል የወጣውን መለካት ነው።

ችግሩ ጣት ደም ብቻ አለመሆኑ ነው። ቆዳ፣ ሥጋ፣ አጥንትና ጥፍርም ብርሃን ይውጣሉ። ይህን ቋጠሮ የፈታው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኒሆን ኮህደን በተባለው ኩባንያ ውስጥ በጆሮ ላይ በሚሰካ የብርሃን መለኪያ ልብ የምትረጨውን ደም መጠን ለመለካት ይሞክር ነበር፤ የደም ሥር ትርታ ግን መስመሩን እያወዛወዘ አስቸገረው። ሊያጠፋው ሲታገል ያ ውዝዋዜ ራሱ የሚፈለገው መረጃ መሆኑን አስተዋለ። በትርታ የሚወጣና የሚወርድ ከደም ወሳጅ ሥር የሚመጣው ደም ብቻ ነው፤ አጥንትና ቆዳ አይወዛወዙም። እንግዲህ የሚወዛወዘውን ክፍል “ትርታ”፣ ከሥሩ ያለውን የማይነቃነቅ ብርሃን ደግሞ “መሠረት” ብለን እንጥራቸው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ትርታውን ሳያበላሹ ከመሠረቱ መለየት ነው።

ዕቃ መሰብሰብ

የጣት ፕሮብ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሆስፒታሉ የጣላቸውን ጠይቁ። የተበላሹ ፕሮቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሱት ገመዱ ከመሰኪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፤ ውስጡ ያሉት ብርሃን ሰጪዎቹ ኤልኢዲዎችና ብርሃን ተቀባዩ ፎቶዳዮድ ግን ደኅና ናቸው። በአልኮል አጽዱት፤ ገመዱን ከተበጠሰበት በላይ ቁረጡና ሽቦዎቹን ለዩ። በብዙዎቹ ፕሮቦች ሁለቱ ኤልኢዲዎች በሁለት ሽቦ ብቻ ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው የታሰሩት፤ ኤሌክትሪኩ በአንዱ አቅጣጫ ሲሄድ ቀዩ፣ ሲገለበጥ ኢንፍራሬዱ ይበራል። መልቲሜትሩን ዳዮድ መፈተሻ ላይ አድርጋችሁ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ፈትሹ። በአንድ በኩል 1.8 ቮልት አካባቢ፣ ሲገለበጥ ደግሞ 1 ቮልት አካባቢ የሚያሳየው ጥንድ የኤልኢዲዎቹ ነው። የመልቲሜትሩ ፍተሻ ቮልቴጅ ዝቅተኛ ከሆነ ቀዩን ላያሳይ ስለሚችል 3 ቮልት ባትሪ በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር አገናኝታችሁ በዓይን እዩት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ 0.5 ቮልት አካባቢ የሚያሳየው ፎቶዳዮዱ ነው፤ በመብራትና በጥላ ንባቡ ይለዋወጣል።

የቀረው ዕቃ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ኤዲኤስ 1115 የተባለው ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይር ባለ 16 ቢት መለወጫ፣ ኤምሲፒ 6002 ኦፕ-አምፕ፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ ብሬድቦርድና የስልክ ፓወር ባንክ ነው። ኦፕ-አምፑን መርካቶ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ስትጠይቁ ኤልኤም 358 ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ በየቦታው የሚገኝ እርሱ ነውና። ለብዙ ሥራ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን ሁለት ችግር አለበት። መግቢያው ራሱ በአሥሮች የሚቆጠር ናኖአምፔር ያፈስሳል፤ በጣት አልፎ የሚመጣው የፎቶዳዮድ ኤሌክትሪክ ደግሞ አንዳንዴ ጥቂት መቶ ናኖአምፔር ብቻ ነው። በ5 ቮልት ሲሠራም መውጫው ከ3.5 ቮልት ብዙም አያልፍም። የኤምሲፒ 6002 መግቢያ የሚያፈስሰው በፒኮአምፔር የሚለካ ነው፤ መውጫውም ከዜሮ አጠገብ እስከ 5 ቮልት አጠገብ ይደርሳል። ለሙከራ በኤልኤም 358 መጀመር ይቻላል፤ ለምልክቱ ስትጨነቁ ግን ለውጡት።

የብርሃኑ ክፍል

አርዱዊኖው ሁለቱን ኤልኢዲዎች በሁለት ፒን ብቻ ሊነዳቸው ይችላል። ፒን 9ን በ220 ኦም ሬዚስተር በኩል ከአንዱ የኤልኢዲ ሽቦ ጋር፣ ፒን 10ን በቀጥታ ከሌላው ጋር አገናኙ። 9 ከፍ፣ 10 ዝቅ ሲል አንዱ ይበራል፤ ሲገለበጥ ሌላው፤ ሁለቱም ዝቅ ሲሉ ጨለማ ነው። ቀዩ 2 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ 3 ቮልት ይቀራል፤ የፒኖቹን የውስጥ ተቃውሞ 50 ኦም ያህል ብናስብ በ270 ኦም 11 ሚሊአምፔር ያልፋል። ኢንፍራሬዱ 1.3 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ ወደ 14 ሚሊአምፔር ይደርሳል። አንድ ፒን ያለችግር ሊሰጥ ከሚችለው 20 ሚሊአምፔር በታች ነን። ሬዚስተሩን አሳንሳችሁ ብርሃኑን ለማጠንከር አትቸኩሉ፤ ከቆዳ ጋር የሚነካካው የፕሮብ ክፍል ከ41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ የለበትም፤ የአራስ ቆዳ በቀላሉ ይቃጠላል። ኤልኢዲው የሚበራው በጣም አጭር ለሆነ ጊዜ እየተቆራረጠ ስለሆነ በዚህ አሠራር ሙቀት አያስቸግርም። ፕሮግራማችሁ ተሰናክሎ ኤልኢዲው በርቶ እንዳይቀር ግን የአርዱዊኖውን ዋችዶግ ሰዓት ቆጣሪ አብሩት።

የመቀበያው ክፍል

የፎቶዳዮዱን ካቶድ ከኦፕ-አምፑ አሉታዊ መግቢያ ጋር፣ አኖዱን ከመሬት መስመሩ ጋር አገናኙ። ከመውጫው ወደ አሉታዊው መግቢያ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር መልሱ፤ በጎኑ 10 ፒኮፋራድ ካፓሲተር እሰሩ። ይህ አደራደር የፎቶዳዮዱን ኤሌክትሪክ ወደ ቮልቴጅ ይለውጣል፤ 1 ማይክሮአምፔር ሲገባ 1 ቮልት ይወጣል። ካፓሲተሩ ኦፕ-አምፑ በራሱ እንዳይርገበገብ ይይዘዋል፤ ከሬዚስተሩ ጋር የሚፈጥረው መዘግየት 10 ማይክሮሰከንድ ብቻ ስለሆነ ምልክቱን አይጎዳም።

አዎንታዊውን መግቢያ በቀጥታ መሬት ላይ አትሰሩት። ጨለማ ሲሆን መውጫው ከዜሮ ጋር ይጣበቅና የታችኛው ንባብ ይጠፋል። ከ5 ቮልት በ100 ኪሎኦም፣ ወደ መሬት በ2.2 ኪሎኦም ከፍላችሁ 0.1 ቮልት ያህል ስጡት፤ ከ2.2 ኪሎኦሙ ጎን 1 ማይክሮፋራድ አድርጉ።

አሁን ጣታችሁን አስገቡና ኤልኢዲው በርቶ ሳለ መውጫውን ለኩ። በ1 እና በ3 ቮልት መካከል ከሆነ መልካም። ከ4 ካለፈ የትርታው አናት ሊቆረጥ ስለሚችል 1 ሜጋኦሙን በ220 ኪሎኦም ለውጡት። የልጅ ጣትና የአዋቂ ጣት በአንድ ሬዚስተር አይስተናገዱም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሬዚስተሮች በማብሪያ ማጥፊያ እየቀያየራችሁ የምትጠቀሙበት አድርጉት።

የ1 ሜጋኦሙ መስመር ከአካባቢው የመብራት ገመድ የሚወጣውን ረብሻ ሁሉ ይለቅማል። ከፎቶዳዮዱ ወደ ኦፕ-አምፑ የሚሄደው ሽቦ አጭር ይሁን፤ የገመዱ ውጫዊ መረብ ከሰርኪቱ መሬት ጋር ይታሰር። ሰርኪቱን በቆርቆሮ ጣሳ ሸፍናችሁ ጣሳውን ከዚያው መሬት ጋር ብታገናኙት ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ትርታዋ እንዳትጠፋ

አርዱዊኖው የራሱ መለወጫ እያለው ሌላ መግዛት ለምን አስፈለገ? የአርዱዊኖው መለወጫ 10 ቢት ነው፤ 5 ቮልትን በ1,024 ደረጃ ይከፍላል፤ አንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊቮልት ነው። መሠረቱ 2 ቮልት፣ ትርታው ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ውዝዋዜው 20 ሚሊቮልት ነው፤ ይህ አራት ደረጃ ማለት ነው። በቀዘቀዘ እጅ ትርታው ወደ ሦስት ሚሊቮልት ሲወርድ አንድ ደረጃም አይሞላም፤ የሰውየው ልብ እየመታ መሣሪያው ምንም አያይም። ብዙ ሰው ሰርኪቱን በትክክል ሠርቶ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

ኤዲኤስ 1115 ክልሉ 4.096 ቮልት ላይ ሲደረግ አንዱ ደረጃ 0.125 ሚሊቮልት ይሆናል። ያው 20 ሚሊቮልት 160 ደረጃ ሆነ፤ የቀዘቀዘው እጅ ሦስት ሚሊቮልትም 24 ደረጃ አለው። መሠረቱን በሌላ ኦፕ-አምፕ ቀንሶ የቀረውን ማጉላትም የታወቀ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ለስሌቱ መሠረቱም ራሱ ስለሚያስፈልግ ለጀማሪ ባለ 16 ቢቱ ይቀላል።

የኃይል መስመሩንም አጽዱ። ፓወር ባንክ 5 ቮልቱን የሚሠራው በፍጥነት እየቆራረጠ ስለሆነ ንጹሕ አይደለም። ወደ ኦፕ-አምፑ የሚሄደውን መስመር በ10 ኦም ሬዚስተርና በ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አጣሩት፤ ከኦፕ-አምፑ እግር አጠገብ 100 ናኖፋራድ ጨምሩ። አንዳንድ ፓወር ባንኮች የሚወሰደው ኤሌክትሪክ አነስተኛ ሲሆን ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ እንዲህ ካለው አራት ባለ 1.2 ቮልት ዳግም የሚሞሉ ድንጋዮች ይሻላሉ።

የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው

ከውጭ የሚመጡ የሰርኪት ንድፎች አንዳንዶቹ 60 ሄርዝ ላላቸው አገሮች የታሰቡ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ መብራቱ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው፤ የክፍሉ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ንባባችሁን በሰከንድ 100 ጊዜ ብትወስዱ ምን ይሆናል? መብራቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ 49.5 ሄርዝ ሲሆን የአምፖሉ ርግብግቢት 99 ይሆንና በንባባችሁ ውስጥ በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚወዛወዝ ሐሰተኛ ሞገድ ይፈጥራል። በደቂቃ 60 ማለት ነው። የልብ ምት ይመስላል፤ ግን የአምፖል ምት ነው።

ስለዚህ ንባቡን በሰከንድ 80 ጊዜ አድርጉት። የ100 ሄርዙ ርግብግቢት በንባቡ ውስጥ 20 ሄርዝ ሆኖ ይታያል፤ የሽቦው 50 ሄርዝ ደግሞ 30 ሄርዝ። ሁለቱም ከልብ ምት ክልል ርቀው ስለሚወድቁ ማጣሪያው ያስወግዳቸዋል። ፕሮግራሙ በየ12.5 ሚሊሰከንዱ እንዲህ ያድርግ፦ ቀዩን አብርቶ 0.2 ሚሊሰከንድ ይቆይ፤ መለወጫውን በሰከንድ 860 በሚለው ፍጥነት ያስጀምርና 1.5 ሚሊሰከንድ ይጠብቅ፤ ቁጥሩን ያንብብ። ኢንፍራሬዱንም እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱንም አጥፍቶ ጨለማውን ያንብብ። የጨለማውን ንባብ ከሁለቱ ሲቀንሱት የፀሐይና የክፍል ብርሃን፣ የኦፕ-አምፑ መነሻ 0.1 ቮልትም አብሮ ይወጣል። ጨለማውን ማንበብ የማያውቅ መሣሪያ በመስኮት አጠገብ ሌላ፣ በጓዳ ውስጥ ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

ስሌቱ

ከ0.5 እስከ 5 ሄርዝ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ በፕሮግራሙ ውስጥ ጻፉ፤ ይህ በደቂቃ ከ30 እስከ 300 የልብ ምት ይሸፍናል። ለእያንዳንዱ ምት የትርታውን ከፍታ፣ ካልተጣራው ንባብ ደግሞ መሠረቱን ውሰዱ። የቀዩን ትርታ ለቀዩ መሠረት አካፍሉ፤ የኢንፍራሬዱንም ለራሱ መሠረት። ከዚያ የመጀመሪያውን ውጤት ለሁለተኛው አካፍሉ፤ የሚገኘው ጥምርታ ነው።

ለምሳሌ የቀዩ መሠረት 2.0 ቮልት፣ ትርታው 12 ሚሊቮልት ቢሆን 0.6 በመቶ ነው። የኢንፍራሬዱ መሠረት 2.4 ቮልት፣ ትርታው 24 ሚሊቮልት ቢሆን 1 በመቶ። ጥምርታው 0.6 ሆነ። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ግምታዊ ቀመር 110 ሲቀነስ 25 በጥምርታው ሲባዛ ነው፤ 110 − 15 = 95 በመቶ።

በዚህ ቀመር ውስጥ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ጣቱ ሲንቀጠቀጥ ወይም ትርታው ደክሞ ረብሻ ሲበዛ ሁለቱ ብርሃኖች በእኩል መጠን ይናጋሉ፤ ጥምርታው ወደ 1 ይጠጋል፤ ቀመሩም 85 ይላል። ጤነኛው ሰው በድንገት 85 ሊያሳይ ይችላል፤ በጠና ታሞ 70 ላይ ያለውም 85 ሊያሳይ ይችላል። የሁለተኛው ስሕተት የከፋ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ሁለት ነገር ፈትሹ፦ የኢንፍራሬዱ ትርታ ከመሠረቱ 0.2 በመቶ በላይ ነው ወይ? ተከታታይ ምቶች በመካከላቸው ያለው ጊዜና ቅርጻቸው ይመሳሰላል ወይ? ካልሆነ መሣሪያው ቁጥር አይጻፍ፤ “ምልክት የለም” ይበል። 0.2ን ለመነሻ ነው ያልኩት፤ በእናንተ ሰርኪት ረብሻ መጠን አስተካክሉት።

ከግድግዳው ራቁ

ጣት ፕሮብ ውስጥ ባለበት ጊዜ ሰርኪቱ ከመብራት መስመር ጋር በምንም መንገድ አይገናኝ። ፓወር ባንኩ ቻርጅ እየተደረገ አትለኩ። አርዱዊኖውን በኬብል ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ሰው ስትለኩ ላፕቶፑ ከቻርጀር የተነቀለ ይሁን። በ220 ቮልቱና በሰውየው ጣት መካከል የሚቆመው የአንድ ርካሽ ቻርጀር መከለያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለሕክምና ኤሌክትሪክ ዕቃዎች የወጣው አይኢሲ 60601-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በደኅና ጊዜ ወደ ታማሚው እንዲፈስስ የሚፈቅደው ለአብዛኞቹ መሣሪያዎች 100 ማይክሮአምፔር፣ ልብን በቀጥታ ለሚነኩ ደግሞ 10 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። መረጃውን ወደ ኮምፒውተር ማሳለፍ ከፈለጋችሁ በብሉቱዝ አድርጉት፤ ሽቦ ከሌለ ክርክር የለም።

ፈትኑት

የመጀመሪያው ፈተና ላጲስ ነው። ፕሮቡ ውስጥ ላጲስ አስገቡና ተመልከቱ። ላጲስ ልብ የለውም፤ መሣሪያው ቁጥር ካወጣ ወደ ማጣሪያውና ወደ ፍተሻው ተመለሱ። ቀጥሎ የራሳችሁን ምት በእጅ አንጓ ላይ ለአንድ ደቂቃ ቆጥራችሁ ከመሣሪያው ጋር አወዳድሩ። እጃችሁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ መልሳችሁ ለኩ፤ ከዚያ አሙቃችሁ ለኩ። በፀሐይ፣ በአምፖል ሥር፣ በጨለማ ሞክሩት። እያንዳንዱን ውጤት ከቀኑ፣ ከክፍሉ ሙቀትና ከጣቱ ሁኔታ ጋር በመዝገብ ጻፉ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ካለ ደኅና መሣሪያ ጋር ጎን ለጎን አወዳድሩ። ሁለቱ 96 እና 97 ሲሉ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጤነኛ ሰው ሁሉ እዚያው አካባቢ ነው። ሁልጊዜ 96 ብቻ የሚያሳይ መሣሪያም ከጤነኛ ሰው ጋር ይስማማል። መሣሪያው የሚፈተነው 75 እና 80 ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ብላችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ወይም ሌላውን አስይዛችሁ አትሞክሩ። አይኤስኦ 80601-2-61 የተባለው ደረጃ ከ70 እስከ 100 በመቶ ባለው ክልል ስሕተቱ ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህ የሚረጋገጠው በሐኪም ቁጥጥር ሥር ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር በሚተነፍሱ ፈቃደኞች ላይ፣ ከደም ወሳጅ ሥር በተቀዳ ደም እየተመሳከረ ነው። 110 ሲቀነስ 25 የሚለውን ቀመር ለእናንተ ኤልኢዲና ለእናንተ ፕሮብ የሚያጸድቅላችሁ ሌላ መንገድ የለም። ቁጥር የሚያሳየውን ሰርኪት የሕክምና መሣሪያ የሚያደርገው ይህ ማመሳከሪያ ነው።

ማመሳከሪያው በማን ቆዳ ላይ እንደተደረገም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የታተመ የአሜሪካ ጥናት ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 እያሳየ የደም ምርመራው ግን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘባቸውን ልኬቶች ቆጠረ። በነጮቹ ታካሚዎች ዘንድ ይህ ከመቶ 3.6፣ በጥቁሮቹ ዘንድ ከመቶ 11.7 ነበር። በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጡ የሆስፒታል መሣሪያዎች ናቸው እንዲህ የሳቱት። እኛ ጠይምና ጥቁር ሕዝብ ነን፤ ይህ ጉዳይ ከማንም በላይ የእኛ ነው።

ከፍታውንም አስቡ። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ 2,800 ሜትር ላይ ከ540 እስከ 550 አካባቢ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ በአማካይ 95.3 በመቶ የኦክስጅን ሙሌት ለክተው ዓለምን አስገርመዋል። ያ የአንድ ቦታ ውጤት ነው፤ ለደነባ ሰው ሕግ አይሆንም። ለሰርኪት ነዳፊ የሚሰጠው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ የማስጠንቀቂያ ድምፁ የሚጮህበትን ቁጥር ፕሮግራሙ ውስጥ አትቸንክሩት፤ ባለሙያው በሚያዝበት ቦታ የሚስተካከል ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለደጋ አገር። በብርድ ሌሊት ከሰል አንድዶ ቤቱን ዘግቶ የተኛ ሰው በጢሱ ሲመረዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘው ሄሞግሎቢን በሁለት ብርሃን ብቻ ለሚሠራ መሣሪያ ኦክስጅን የያዘ ይመስለዋል። ሰውየው እየሞተ 98 ያሳያል። ይህ የማንኛውም ተራ ኦክሲሜትር ጉድለት ነው፤ በመሣሪያችሁ ላይ በአማርኛ ለጥፉበት። ጥፍር ላይ ያለ ቀለምና እንሶስላም ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል ንጹሕ ጣት መምረጥ እንደሚገባ አብራችሁ ጻፉ።

ሰርኪቱን በሌሎች ሰዎች ላይ ለጥናት መሞከር ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ለሕክምና እንዲውል ካሰባችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በሩን አንኳኩ።

የባዮሜዲካል ምህንድስናን ለምታስተምሩት ለጅማ፣ ለጎንደርና ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ላለው ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪው ሰርኪቱን በብሬድቦርድ ላይ መሥራት ይችላል፤ ማመሳከሪያውን ግን ብቻውን አይችልም። ሐኪምና መሐንዲስ አብረው የሚቆሙበት፣ መሣሪያ በራሳችን ሰው ቆዳና በራሳችን ከፍታ የሚፈተንበት ክፍል አቋቁሙ።